ደረቅ ወንዝ ምን ይመሰክራል?

(ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለወጣቶች መሪዎች የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

የታሪክ ትምህርት ለብዙ ተማሪዎች የስምና የዘመን ዝርዝር ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ተማሪው የሩቅ አገር ነገሥታትን ስም በቃሉ ይወጣል፤ ነገር ግን በየማለዳው የሚሻገረው ድልድይ መቼና ለምን እንደ ተሠራ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። እኛ መምህራን ታሪክን ከመጽሐፍ ገጽ ላይ እንዲያነብ አስተማርነው እንጂ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ እንዲያነብ አላስተማርነውም። ይህን ጉድለት በመጠኑም ቢሆን ለማቃናት ሠላሳ ስድስት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ይዘን በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ የወሰደ የጥናት ጉዞ አድርገን ነበር። ጉዞው ለሽርሽር የታሰበ አልነበረም። ተማሪዎቹ እንደ መርማሪ ማስረጃ እየሰበሰቡ፣ እየለኩና እየጠየቁ አንድን እንቆቅልሽ በራሳቸው እንዲፈቱ የታቀደ ነበር። ከዚያ ቀን ያገኘነውን ትምህርት፣ የራሳችንንም ስሕተት ሳንሸሽግ፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ይጠቅም ዘንድ እነሆ እናቀርባለን።

1. እንቆቅልሹና ዝግጅቱ

ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጠን። በፖስታው ውስጥ የነበረው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ «ሐረር ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቀች የንግድ ከተማ ናት። ባቡሩ ሲመጣ ግን ወደ ሐረር አልወጣም። ባዶ በነበረው ሜዳ፣ በደረቅ ወንዝ ዳር ቆመ፤ በቆመበትም ስፍራ ከተማችን ተመሠረተች። ለምን? መልሳችሁን በወሬ ሳይሆን በማስረጃ አስረዱ።»

ተማሪዎቹ በስድስት ቡድን ተከፈሉ። በየቡድኑ ለእያንዳንዱ ልጅ የሥራ ድርሻ ተሰጠው፤ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ለኪ፣ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ንድፍ ሠሪ፣ አንዱ ሰዓት ጠባቂ፣ አንዱም ተጠራጣሪ ሆነ። የተጠራጣሪው ሥራ ጓደኞቹ አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር «በምን አወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ይህን ድርሻ በመጀመሪያ የፈለገ አልነበረም፤ ጉዞው ካለቀ በኋላ ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም የተሻሙት እርሱን ነው።

የእያንዳንዱ ቡድን ደብተር በሦስት ዓምድ ተሰመረ። በመጀመሪያው «ያየነው»፣ በሁለተኛው «የሰማነው»፣ በሦስተኛው «የገመትነው» ተብሎ ተጻፈበት። ጉዞውን በሙሉ የያዘው አከርካሪ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ባለማየቱ ወይም ባለመስማቱ አይደለም፤ የገመተውን እንዳየው፣ የሰማውንም እንደ መረመረው አድርጎ ስለሚናገር ነው። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት በክፍል ውስጥ አንድ የተሰበረ ስኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ልጆቹን አለማመድናቸው። «ስኒው ተሰብሯል» የሚለው በመጀመሪያው ዓምድ ይገባል፤ «ድመት ሰበረችው» የሚለው ግን፣ ድመቷን ያየ እስካልተገኘ ድረስ፣ ከሦስተኛው ዓምድ አይወጣም።

እንዲህ ያለው ምርመራ ለድሬዳዋ እንግዳ ነገር አለመሆኑንም ለተማሪዎቹ ነገርናቸው። ከከተማይቱ አጠገብ በሚገኘው ገደል ላይ «ፖርክ ኤፒክ» ወይም የጃርት ዋሻ የሚባለውን ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1929 ለጥናት ያበቁት፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና የጥንተ ሕይወት ተመራማሪ የነበሩት ፒየር ቴያር ደ ሻርደን ከሄንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር ሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ ሌላው ካህን ሄንሪ ብረይ በዋሻው ግድግዳ ላይ ያሉትን ጥንታዊ ሥዕሎች አጥንተዋል። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥራ ሲጠቃለል ልጆቻችን እንዲሠሩት ከጠየቅናቸው የተለየ አይደለም፤ ቀርቦ ማየት፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ ከዚያም በኋላ ብቻ መናገር ነው።

2. ሐዲዱ የሰጠው ምስክርነት

ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች ፈቃድ ከተቀበልን በኋላ የመጀመሪያውን ምርመራ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ ጀመርን። ለኪዎቹ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት ከውስጥ ወደ ውስጥ እንዲለኩ ታዘዙ። ስድስቱም ቡድኖች አንድ መልስ ይዘው መጡ፤ አንድ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። «የቀድሞዎቹ ለምን አጠበቡት?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር በቀላሉ ይታጠፋል፤ የሚቆፈረው መሬት፣ የሚገነባውም ድልድይ ያነሰ ይሆናል፤ ወጪውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ ከአንድ ሜትር ልኬት ብቻ ተነሥቶ አንድ ልጅ ስለ መሐንዲሶቹ አሳብና ስለ ኩባንያው ኪስ ጥቂት ነገር ሊረዳ ይችላል።

ቀጥሎ በሐዲዱ ጎን ላይ በብረቱ ውስጥ ጎልቶ የተቀረጸውን ጽሑፍ እንዲፈልጉ ነገርናቸው። ብዙውን ጊዜ በሐዲድ ብረት ጎን የፋብሪካው ስምና ብረቱ የተሠራበት ዓመት ይገኛል። ተማሪዎቹ በጽሑፉ ላይ ስስ ወረቀት አስደግፈው በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው ሲያሹት ፊደሉና ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ ወጣ። የልጆቹ ደስታ በቃል የሚነገር አይደለም፤ ዝም ብሎ የኖረ ብረት እንደ ተናገረላቸው ያህል ነበር።

ዓመቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ነበረ ወደ እኛው መመለስ አስፈለገ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ስምንት ዓመት ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1902 በመሆኑ፣ በእኛ አቈጣጠር 1895 ዓ.ም. ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ቡድን ከባድ ስሕተት ሊሠራ ሲል በራሱ ተጠራጣሪ ተመለሰ። ያገኙት ብረት ከ1902 በኋላ ያለ ዓመት ስለ ተጻፈበት ጸሐፊው «ባቡሩ የመጣው ከተባለው ጊዜ ዘግይቶ ነው» ብሎ ጻፈ። ተጠራጣሪው ግን «በምን አወቅህ? ብረቱ ሲያረጅ ቢለወጥስ?» ሲል ጠየቀው። እውነትም ሐዲድ ይለወጣል። የተጻፈው ዓመት ብረቱ መቼ እንደ ተሠራ እንጂ መስመሩ መቼ እንደ ተዘረጋ አይናገርም። ልጆቹ የጻፉትን ሰርዘው ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ዓምድ አዛወሩት። አንድ ማስረጃ ለተጠየቀው ብቻ እንጂ ላልተጠየቀው እንደማይመሰክር ከዚህ የተሻለ ትምህርት እኛ ልንሰጣቸው አንችልም ነበር።

3. ባቡሩ ወደ ሐረር ለምን አልወጣም?

ከዚህ በኋላ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠን የታወቀውን የታሪክ ማስረጃ ሰጠናቸው። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ የመሥራት ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኑ ጋር በሽርክና ሠራ። በውሉ መሠረት የመጀመሪያው መስመር ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ቀጥሎም ከሐረር ወደ እንጦጦ የሚዘልቅ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1897) ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ 310 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን በረሃ አቋርጦ ዛሬ ድሬዳዋ ወደምንላት ስፍራ ደረሰ። አዲሱም ጣቢያ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ተጠርቶ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ፤ ሥራው በሌላ ኩባንያ ተቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) ነው። እንግዲህ ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት የመስመሩ ጫፍ ነበረች ማለት ነው። ቡናውና ቆዳው በግመልና በበቅሎ እየወረደ፣ ጨርቁና ብረቱ በባቡር እየመጣ የሚገናኙባት ስፍራ ሆነች።

«ታዲያ ወደ ሐረር ያልወጣው ለምንድን ነው?» ለዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ሰጥተን ዝም አልን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸውም የደንገጎ ዳገት አለ። አንድ ጣውላና ትንሽ ጎማ ያለው የልጆች መኪና አቅርበን ጣውላውን በመጻሕፍት እያስደገፉ ከፍ እንዲያደርጉት፣ መኪናውን የሚስበውም ክር የተንጠለጠለበትን ጠጠር እንዲቈጥሩ አደረግን። ጣውላው በአንድ መጽሐፍ ከፍ ባለ ቁጥር ጠጠሩ እየጨመረ ሄደ። ዳገቱን ወደ ተራራው ቀና ብለው ያዩት ልጆች መልሱን ከእኛ አልጠበቁም፤ «ባቡሩን ያቆመው ዳገቱና የገንዘቡ ብዛት ነው» አሉ። ልክ ናቸው። መስመሩ ሐረርን ትቶ የተራራውን ግርጌ የያዘው በዳገቱ ክብደትና በወጪው ምክንያት ነው።

የከተማይቱንም መልክ ከዚህ ታሪክ ጋር እንዲያያይዙት ጠየቅናቸው። በጣቢያው ዙሪያ ባለው ከዚራ ንድፍ ሠሪዎቹ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችንና በሁለት ወገን የተተከሉ ጥላ ዛፎችን ሣሉ። ደጫቱን ተሻግረን መጋላ ስንገባ፣ በከፊራ ገበያ አካባቢ፣ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ሆነ። አንዱን ወገን አስቀድሞ በወረቀት ላይ የነደፈው መሐንዲስ አለ፤ ሌላውን ሰው በኑሮው፣ በንግዱና በዘመዱ ብዛት ቀስ በቀስ ሠራው። መሐንዲሱም ነጋዴውም በመንገዱ ላይ አሻራቸውን ትተዋል፤ መጽሐፍ ሳይገለጥ ይነበባል።

4. የእኛ ስሕተት

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር እንዳቀድነው ሄደ። እኛም በልባችን «እንቆቅልሹ ተፈታ» ብለን ነበር። ነገር ግን የአንደኛው ቡድን ተጠራጣሪ የነበረች ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ዳገቱ ባቡሩን አቆመው ብንል፣ የተራራው ግርጌ ረጅም ነው፤ ከዚያ ሁሉ ስፍራ ይህን ለምን መረጡ? እኔ ለውኃ ብለው ይመስለኛል» አለች።

እኛ ያዘጋጀነው መልስ ዳገቱ ብቻ ነበርና ጥያቄዋ አልተመቸንም። በዚያን ሰዓት የቆምነው በደጫቱ ድልድይ ላይ ሲሆን፣ ከሥራችን የሚታየው አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነበር። ስለዚህ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ «ይህን አሸዋ እያየሽ ውኃ ትያለሽን?» ብለን መለስንላት። ልጆቹ ሳቁ። ልጅቱም አንገቷን ደፋች፤ በቀጣዩም አንድ ሰዓት የዚያ ቡድን ተጠራጣሪ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «በምን አወቃችሁ?» እያሉ እንዲጠይቁ ያስተማርናቸው እኛ፣ ጥያቄው ወደ እኛ በዞረ ጊዜ ልጅቱን አሳፈርናት።

ከቀትር በኋላ በቀጠሮአችን መሠረት ቀድሞ የሸማንደፈር ሠራተኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ልጆቹን ተቀበሉ። የመጀመሪያው ጠያቂ «አባባ፣ እርስዎ» ብሎ ሲጀምር ሳቁና፣ «ልጄ፣ ድሬ ተወልደህ አንቱ ትለኛለህ? አንተ በለኝና እንጨዋወት» አሉት። ከዚያም ስለ ጥንቱ የእንፋሎት ባቡር ያወጉ ጀመር። «የእንፋሎት ባቡር በእሳትና በውኃ ነበር የሚሄደው። እሳቱ ቢነድ ውኃው ከሌለ ዋጋ የለውም። ማሽኑ እንደ ግመል ነው፤ ጠጥቶ ይነሣል፣ ከሚቀጥለው ጣቢያ ደርሶ ደግሞ ይጠጣል» አሉ።

ልጆቹ ሁሉ ወደዚያች ተማሪ ዞሩ። ሽማግሌው ነገሩን ሲረዱ ከወንበራቸው ተነሥተው እስከ ወንዙ ዳር ወሰዱን። በአሸዋው መካከል ሰዎች በእጅ የቆፈሩት ጕድጓድ ነበር፤ በግርጌውም የጠራ ውኃ አቍሯል። «ይህ ወንዝ ደረቅ አይደለም። ውኃው ከአሸዋው በታች ነው የሚሄደው» አሉን። የድሬዳዋ ከተማ የመጠጥ ውኃዋን የምታገኘው ከከርሠ ምድር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ያወቅነውን ግን ከታሪኩ ጋር አላገናኘነውም ነበር። ልጅቱ ያለማስረጃ የተናገረች መስሎን የነበረው፣ ማስረጃው በእግራችን ሥር ሳለ ነው።

በዚያው ስፍራ፣ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ ይቅርታ ጠየቅናት። አንዳንድ ባልደረቦቻችን መምህር በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ቢጠይቅ መከበሩ ይቀንሳል ሲሉ ሰምተናል። ያየነው ግን ተቃራኒውን ነው። ከዚያ በኋላ የልጆቹ ጥያቄ በዛ፤ ሦስተኛው ዓምድም ያለ ፍርሃት ይሞላ ጀመር። ይሁን እንጂ የውኃው ነገር በደብተሩ «የሰማነው» እና «የገመትነው» በሚሉት ዓምዶች እንዲቀመጥ ራሷ ልጅቱ ጠየቀች። «ባቡሩ ውኃ እንደሚፈልግ ሰምተናል፤ ውኃው እዚህ እንዳለ አይተናል፤ መሐንዲሶቹ ለዚህ ብለው መምረጣቸውን ግን ገና አላየንም» አለች። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ በትልልቅ ሰዎችም ዘንድ ሁልጊዜ አናገኝም።

5. ሁለተኛው እንቆቅልሽ

እኛ ያላቀድነው ሁለተኛው ምርመራ የተጀመረው እዚያው ወንዝ ውስጥ ቆመን ሳለን ነው። ያው ተማሪ ከአሸዋው መካከል ወደ ተጋደመ ትልቅ ድንጋይ አመለከተችና፣ «ይህንስ ማን አመጣው?» ብላ ጠየቀች። አራት ልጆች ሊገፉት ሞከሩ፤ አልነቃነቅ አለ። ጠርዙ ግን እንደ እንቍላል ለስልሶ ነበር። ድንጋይ እየተንከባለለ ከሌላ ድንጋይ ጋር ካልተፋጨ እንዲህ አይለሰልስም። ለኪዎቹ ለኩት፤ ንድፍ ሠሪዎቹ ሣሉት፤ ከዚያም ሁሉም ዝም አሉ። ያንን ድንጋይ ያንከባለለው ውኃ ምን ያህል እንደ ነበረ ማሰብ ጀምረው ነበርና።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006) ደጫቱ በሌሊት ሞልቶ የወረደበትን ሰዓት ነገሩን። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ በሺህ የሚቈጠሩት ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ውኃው የመጣው በደጋው በዘነበው ከባድ ዝናብ ምክንያት ሲሆን፣ ብዙ ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ደረሰ። «ልጆቼ፣ ይህን ወንዝ ስታዩ ወደ ታች ብቻ አትዩ፤ ወደ ተራራውም ቀና በሉ። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እዚያ ላይ ሊዘንብ ይችላል» አሉ።

ከሠላሳ ስድስቱ ተማሪዎቻችን በዚያ ሌሊት ተወልዶ የነበረ አንድም አልነበረም። ስለ ጎርፉ ስሙን እንጂ ነገሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ባለ ጥያቄዋ ተማሪ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኛ ቤት ከዚህ ሦስተኛው ረድፍ ነው። አያቴ ያንን ሌሊት አታነሣም» አለችን። ከተማይቱ ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቶላታል፤ ሆኖም ግንብ ሰውን ከማስታወስ ግዴታ ነፃ አያወጣም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት አዲስ የቤት ሥራ ሰጠን። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ያለ አንድ ትልቅ ሰው በትሕትና እንዲጠይቅ፣ የማይፈልገውን ሰው ግን እንዳያስገድድ አዘዝን። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ «ውኃው እስከ የት ደረሰ?» መልሱ በክፍል ግድግዳ ላይ በተለጠፈው፣ ልጆቹ ራሳቸው በሣሉት የሠፈር ካርታ ላይ ተመለከተ። የማይተዋወቁ ሁለት ምስክሮች በአንድ ስፍራ ከተስማሙ ቀይ ነጥብ ይደረጋል፤ ምስክሩ አንድ ብቻ ከሆነ የእርሳስ ክብ ይደረጋል። ቀስ በቀስም በወንዙ ግራና ቀኝ ቀይ መስመር ተሠራ። የልጅቱ ቤት ከመስመሩ ውስጥ ነበር።

አንድ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው፣ «ልጆቻችንን ታሪክ አስተምሩ ብለን ሰጠናችሁ እንጂ አስፈራሩ ብለን አይደለም» ሲሉ ወቀሱን። ወቀሳው ከልብ የመጣ ነበርና በችኮላ አልመለስንም። መልሱን የሰጡት ካርታውን ለማየት የመጡት የልጅቱ አያት ናቸው። ቀዩን መስመር በጣታቸው ቀስ ብለው ተከተሉና፣ «እኔ ያልተናገርሁት እንዳላስፈራት ብዬ ነበር። ያላወቀ ግን ወዴት ይሮጣል?» አሉ። ከዚያም ወዲያ በዚያ ነገር የተከራከረን የለም።

የልጆቹ ካርታ ማንንም ከወንዙ ዳር አላነሣም። ቤት መለወጥ ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው፤ እኛም ይህን ስናውቅ የማንችለውን ተስፋ አልሰጠንም። ነገር ግን የዚያች ተማሪ ቤተሰብ ደጋው በጠቈረ ሌሊት ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ፣ በየትኛው መንገድ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ፣ አያትየውንም ማን እንደሚደግፍ ተመካክሮ ወሰነ። ሌሎችም አምስት ቤተሰቦች እንዲሁ አደረጉ። የታሪክ ትምህርት ፍሬ ይህን ያህል ከሆነ ትንሽ ነው አንልም።

6. ይህን ጉዞ ለሚያዘጋጁ

በየሀገረ ስብከታችን ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አሮጌ ሐዲድ አያገኙም፤ ነገር ግን ምንጭ፣ ወፍጮ፣ ድልድይ፣ የገበያ ቦታ ወይም የአሮጌ ቤት ፍራሽ የሌለበት ሠፈር የለም። ከልምዳችን የሚከተሉትን እንመክራለን።

ሀ) እንቆቅልሹ አንድና ግልጽ ይሁን። «የከተማችንን ታሪክ አጥኑ» ማለት ጥያቄ አይደለም፤ «ገበያው ከላይኛው ሜዳ ወደ ታችኛው ለምን ተዛወረ?» ማለት ግን ጥያቄ ነው።

ለ) መምህሩ አስቀድሞ ስፍራውን ይጐብኝ፤ ፈቃድ ይቀበል፤ ለልጆቹ አደጋ የሚሆነውን ይለይ። ወደ ወንዝ ውስጥ መግባት የሚቻለው በበጋ፣ የአካባቢው ሰው ስለ ደጋው አየር ከተጠየቀ በኋላ ብቻ ነው።

ሐ) ልጆች ይንኩ፣ ይለኩ፣ ይሣሉ። ነገር ግን ከቅርስ ላይ አንዳች አይፋቁ፣ አይሰብሩ፣ ወደ ቤትም አይውሰዱ። በእርሳስ የታሸ ወረቀት ከተሰረቀ ድንጋይ ይበልጣል።

መ) ሽማግሌዎች በክብር ይጠየቁ፤ ቃላቸውም እንደ ተነገረ ይጻፍ። የሁለት ምስክሮች ቃል ሲለያይ አንዱን ለመጣል አንቸኩል፤ ሁለቱም በሚያዩበት ስፍራ ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ሠ) መምህሩ ያዘጋጀውን መልስ አጥብቆ አይያዝ። ተማሪው ከመምህሩ አልፎ ያየ እንደ ሆነ፣ ትምህርቱ ግቡን መታ ማለት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሠፈራችሁ ሁሉም ሰው የሚናገረው፣ ነገር ግን ማንም ያልመረመረው ታሪክ የትኛው ነው? ከሦስቱ ዓምዶች በየትኛው ይገባል?

2. በቤተሰባችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ስለ ሕመሙ ብለን የማናነሣው ነገር አለን? ዝምታው ማንን ይጠብቃል? ማንንስ ለአደጋ ያጋልጣል?

3. እኛ በተማሪዋ ላይ እንዳደረግነው፣ እናንተስ የአንድን ልጅ እውነተኛ ጥያቄ በሳቅ የዘጋችሁበት ጊዜ ነበርን? እንዴት ልታቃኑት ትችላላችሁ?

ውድ አንባብያን፤ ጉዞው ባለቀበት ማታ ደብተሮቹን ሰብስበን ስናነብ፣ በአንደኛው ደብተር የመጨረሻ ገጽ፣ «ያየነው» በሚለው ዓምድ ሥር እንዲህ የሚል ተጽፎ አገኘን፦ «መምህራችን ተሳሳተ፤ ከዚያ አመነ።» ዓምዱን በትክክል መርጣለችና በቀይ እስክሪብቶ አላረምነውም።